ውጤት ከወጣ በኋላ ያለው ሳምንት

ባለፉት ሁለት ዓመታት የ12ኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀው አዲስ ዓመት አካባቢ ነው። ዶሮ የሚሠራበት፣ ዘመድ የሚሰበሰብበት ሰሞን። ልጁ መለያ ቁጥሩን ቴሌግራም ቦት ላይ ያስገባል፣ ውጤቱን ያያል፣ ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ዜና ላይ አይወጣም። እኛ ዛሬ ማውራት የፈለግነው ስለዚያ ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ኩረጃን ለማስቀረት ተብሎ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረ ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ተሻሻለ በተባለበት ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኝ ከ91 በላይ የሚሆነው አላለፈም ማለት ነው። ከ100 ልጅ 10 ቢወድቅ «አላጠናም» ይባላል። 91 ሲወድቅ ግን ጥያቄው ወደ ልጁ ብቻ ሊሄድ አይችልም።

እስቲ ወደ ኋላ እንቁጠር። በ2017 የተፈተነ ልጅ ክፍል ካልደገመ በ2012 ሰባተኛ ክፍል ነበር። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ስምንተኛ ክፍልን በፈረቃና በማስክ ጨረሰ። በዚያው ዓመት ጦርነቱ መጣ፤ ሰሜን ላይ ያለው ልጅ ጭራሽ ስንት ወር፣ አንዳንዱም ስንት ዓመት ከትምህርት ራቀ። ሌላም ነገር አለ። ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። እዚያ ያልመጣለት በ16 ዓመቱ አውቆት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ያ ፈተና ቀርቷል። አሁን ልጁ እስከ 18 ዓመቱ «ጎበዝ ነው» እየተባለ ይመጣና አንድ ቀን፣ በአንድ ቁጥር ይነገረዋል።

ይህን ሁሉ ቤተሰብ አያውቀውም። ቤት ውስጥ የሚታወቀው የጎረቤት ልጅ ማለፉ ነው።

በወላጅ ግን አንፈርድም። ዕቁብ ከፍላ፣ እንጀራ ሸጣ የግል ትምህርት ቤት ያስተማረች እናት የወደቀው ውጤቱ ብቻ አይመስላትም፤ የእሷም ዓመታት አብረው የወደቁ ይመስላታል። ንዴቷ ከዚያ ነው የሚመጣው። ችግሩ ንዴቱ የሚያርፈው፣ በዚያ ሰዓት ከማንም በላይ ራሱን እየሰደበ ባለ ልጅ ላይ መሆኑ ነው።

ከቅጣቶች ሁሉ የመጀመሪያው ይታወቃል፦ ስልክ መንጠቅ። «ይሄ ነው የጣለህ!» እውነት ለመናገር ቲክቶክ ላይ እስከ ሌሊት 8 ሰዓት መቆየት ማንንም አይጠቅምም፣ እኛንም ጨምሮ። ፈተናው ሊደርስ ስድስት ወር ሲቀረው ቢሆን በሰዓት መገደቡ ያስኬዳል። ውጤት በወጣ ማግስት ግን ስልኩ ልጁን እንደሱ ካልመጣላቸው ጓደኞቹ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ገመድ ነው። «አንተስ ስንት አመጣህ?» «ተወው፣ እኔም አልመጣልኝም» የሚባባሉት እዚያ ነው። ይህን መቁረጥ ልጁን ከራሱ ሐሳብ ጋር ብቻውን መዝጋት ነው።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። አባት ለአንድ ሳምንት ሰላምታ ይነሳል። ይሄ ከስድቡ ይቀላል የሚል ሰው ካለ አልሞከረውም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ማዘን፣ ማልቀስ፣ ሁለት ሦስት ቀን ከክፍል አለመውጣት በሽታ አይደለም። የሚያሳስበው ነገሩ ሲቆይ ነው። ሁለት ሳምንት አልፎም ቀኑን ሙሉ ከደበረው፣ እንቅልፉ ከተዛባ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ይወደው የነበረውን ኳስ ሰዎች እየጠሩት እምቢ ካለ፣ ይህ ስንፍና ወይም ጥጋብ አይደለም። የድብርት ምልክት ነው፣ ሕክምናም አለው። «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» ዓይነት ነገር ከተናገረ፣ ወይም የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። በዚያው ቀን ብቻውን አለመተው፣ ሐኪም ጋር መውሰድ። ብዙ ወላጅ «ሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን የሚያስገባበት ይመስለዋል። አያስገባበትም። መጠየቅ ብዙ ጊዜ ሸክም ነው የሚያቀልለት።

«አማኑኤል» የሚለው ስም አዲስ አበባ ውስጥ መሰዳደቢያ ስለሆነ ሰው ይፈራል። ነገር ግን የአእምሮ ጤና ሕክምና እዚያ ብቻ አይደለም፤ በሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም ይሰጣል። ጠበል መውሰድም፣ ዱዓ ማስደረግም ከሐኪም ጋር አይጣላም። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ግዴታ አይደለም።

ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ገና ወላጅ አይደላችሁም። ግን ታላቅ እህት ናችሁ፣ ታላቅ ወንድም ናችሁ። በብዙ ቤት «የፈተናው ሥርዓት ተቀይሯል» የሚለውን ለእማዬ ማስረዳት የሚችለው ያ ሰው ነው። ከመሃላችን ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የቀረ አለ፤ ያ ቀን ያለፈለት እህቱ ውጤቱን ሳትጠይቀው «ና ቡና እንጠጣ» ብላ ከቤት ስላወጣችው ነው። እንግዳው ሁሉ «ስንት አመጣ?» እያለ በነበረበት ቤት በር ላይ ቆማ «ዛሬ ስለ ውጤት አይወራም» ብላለች። እናታቸው መጀመሪያ ተቆጡ። ማታ ላይ ግን እሳቸው ራሳቸው ምሳውን ክፍሉ ድረስ ይዘውለት ገቡ።

ደግሞ ሰው ሲጮህ የሚረሳው ነገር አለ። የሪሜዲያል መቁረጫ ነጥብ የሚወጣው ከውጤቱ በኋላ ለብቻው ነው። ስለዚህ 50 ያልሞላ ሁሉ በር ተዘጋበት ማለት አይደለም። ነጥቡ እስኪወጣ ድረስ «ሱቅ ይቀመጥ»፣ «ዱባይ ትሂድ» የሚለውን ውሳኔ ማዘግየት ይቻላል። ለሪሜዲያል ካልደረሰ በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ። ኤሌክትሪክ ወይም ብየዳ የተማረ ልጅ ዲግሪ ይዞ ሥራ ከሚፈልገው የሰፈሩ ልጅ ቀድሞ ደመወዝ ሲያገኝ እያየን ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደሚሻል ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ያስፈልጋል። ወሬው ግን ዘመድ ከሄደ፣ እሱም ሁለት ሦስት ሌሊት ከተኛ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።