12 ቮልት አይነዝርም፣ ያቃጥላል እንጂ

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልክ ያለው እየበዛ መጥቷል። አንዱ «ሃይሩፍ ገዝቼ ወንበሩን አውጥቼ አልጋ ልገጥምለት ነው፣ ስንት ዋት ኢንቨርተር ልግዛ?» ይላል። ሌላው አሜሪካ ሆኖ በአሮጌ ፎርድ ትራንዚት ላይ ያንኑ እየሠራ ነው። አንዷ ደግሞ መኪናዋን ቡና መሸጫ ልታደርገው ነው። ሁሉም የሚጀምሩት ከኢንቨርተሩ ነው። እኔ ግን ኢንቨርተር መጨረሻ ላይ የሚገዛ ዕቃ ነው ባይ ነኝ።

የመኪና ባትሪ በእጅ ሲነካ አይነዝርም። ከዚህ ተነስተን «12 ቮልት ምን ያደርጋል?» ማለት ለምደናል። እሳቱን የሚያስነሳው ግን በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ነው። 2000 ዋት ቤታችን ባለው 220 ቮልት 9 አምፔር ብቻ ነው። ያው 2000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲወጣ 167 አምፔር ይሆናል፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመርበት ወደ 185 ይጠጋል። ቤት ውስጥ ለሶኬት የምንዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይህን ያህል ቢጫንበት ሽፋኑ በሰከንዶች ውስጥ ይቀልጣል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጣት የሚያክል 70 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኬብል ነው፤ እሱም በተቻለ መጠን አጭር ሆኖ።

ፊውዝ ለምን እንደሚገባ ብትጠይቁ ብዙ ሰው «ዕቃው እንዳይቃጠል» ይላችኋል። አይደለም፤ በዚህ ቦታ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ስንዝር በማይበልጥ ርቀት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ከኢንቨርተሩ አጠገብ መግጠም ነው፣ ለማየት ስለሚመች። እንዲህ ሲሆን ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሁለት ሦስት ሜትር ኬብል ጠባቂ የለውም ማለት ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ኬብሉ ከላሜራው ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ይከርማል። አንድ ቀን ሽፋኑ ያልቅና መዳቡ የመኪናውን አካል ይነካል። የመኪናው አካል ደግሞ ራሱ ኔጌቲቭ ነው። የሊቲየም ባትሪ በዚያች ቅጽበት በሺህ የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከኮምፔንሳቶ ጀርባ፣ ከፍራሽ ሥር ነው፤ ከላይ ደግሞ ሰው ተኝቷል። መውጫው አንድ ተንሸራታች በር ብቻ የሆነበት መኪና ብዙ ነው።

ለ2000 ዋት ኢንቨርተር 250 አምፔር ፊውዝ ይበቃል፣ ኬብሉ ያልኩት 70 ከሆነ። ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ክላስ ቲ የሚባለውን ፊውዝ ፈልጉ፤ ያን ሁሉ አምፔር በአንዴ መበጠስ የሚችል ስለሆነ። የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ ጠምዝዞ «ሠርቷል» የማለት ልማዳችንን እዚህ አታምጡት። የቤት ብሬከርም አይሆንም። ቤት ውስጥ ያለው ኤሲ ነው፣ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። የባትሪ ዲሲ ግን ዜሮ የለውም። ብሬከሩ ተከፍቶም ውስጡ መንደዱን ሊቀጥል ይችላል፤ ስለዚህ በላዩ ላይ ዲሲ የሚል ከነቮልቱ የተጻፈበትን ግዙ።

ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ደንበኛው የሚከፍለው ለሚያየው ነገር ነው፤ ለመብራቱ፣ ለሶኬቱ፣ ስልክ ለሚመስለው ማሳያ። ፊውዙና ኬብሉ ከተሸፈኑ በኋላ አይታዩም፤ ዋጋ ሲከራከሩም መጀመሪያ የሚቀነሱት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ከወረቀት። በቀን ምን እንደምትጠቀሙ ጻፉ። 45 ዋት የምትፈልግ ትንሽ የመኪና ፍሪጅ ግማሹን ቀን ብትሠራ 540 ዋት-ሰዓት ትበላለች። መብራትና ስልክ 100 አይሞሉም። 1500 ዋት የውሃ ማፍያ አምስት ደቂቃ ቢሠራ 125 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው፤ በባትሪው ላይ ቀላል፣ በኬብሉ ላይ ግን ከባድ። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። አንድ ወዳጄ በመኪናው ውስጥ እንጀራ ሊጋግር አስቦ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ነው፤ ከ12 ቮልት ሲወጣ ከ300 አምፔር በላይ። እንጀራውን ከቤት ይዞ ቢወጣ ይሻለዋል።

ከዚያ ባትሪው። 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ 12 ቮልት ባትሪ በስሙ 1200 ዋት-ሰዓት ነው። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወጣለት ይመረጣል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 80 በመቶውን ያለ ሐሳብ ትጠቀማላችሁ፤ ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶችም በሙቀት ይበልጥ የረጋ ነው። ግን ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ከ100 አምፔር በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ያን 2000 ዋት ኢንቨርተር በአንድ ባትሪ ላይ ብትሰቅሉት ከ1200 ዋት ገደማ በላይ ሲጠየቅ ቀጥ ይላል። ገንዘቡ የት ሄደ? ሌላም አለ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ሊቲየም መሞላት የለበትም፣ ይበላሻል። በአሜሪካና በአውሮፓ ክረምት ለምትጓዙ ይህ የየቀኑ ጉዳይ ነው። እዚህም ሳኔቲ ላይ ላደረ ሰው ይመለከተዋል።

ባትሪውን ከመኪናው ዲናሞ ጋር በቀጥታ አታገናኙ። ሊቲየም ሲጎድል ያለ ልክ ይስባል፣ ዲናሞውም ሞተሩ በቀስታ ሲዞር በደንብ ስለማይቀዘቅዝ ይግላል። በመካከል ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ይግባ። ሞተር ማስነሻውን ባትሪም ይጠብቅላችኋል፤ ጠዋት «እስቲ ግፉልኝ» ከማለት ትድናላችሁ።

ኬብል ስትገዙ የአንዱን ክር ጫፍ በቢላ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በተጻፈበት ውፍረት አትመኑት። ጫፉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ሳይሆን በመጭመቂያ ይታሰር፤ ላላ ያለ ጫፍ ከቀጭን ሽቦ አያንስም። ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎማ ይግባበት። በ220 በኩል ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የመንዘር መከላከያ ብሬከር አይቅር፤ እዚህ ጋ ነዝሮ የሚገድለው ነው።

የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ ከአልጋ ሥር አታፍኑት፣ ወደ ውጭ መተንፈሻ ይኑረው። ከሰሉንም ነገር ሳልል አላልፍም። ለቡናው ጨዋታ ተብሎ በተዘጋ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ከሰል፣ ሽታ የሌለው ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ከየትኛውም ሽቦ የፈጠነ ነው። ከውጭ ይፈላ።

ሠራተኛው ሥራውን ሲያስረክባችሁ ስዕሉን ጠይቁት፤ የትኛው ኬብል ከየት ወዴት፣ የትኛው ፊውዝ ስንት አምፔር። በሩ ላይ ለጥፉት። ዋናው ማጥፊያ ከአልጋ ሳይነሱ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ የእሳት ማጥፊያው ደግሞ ከበሩ አጠገብ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ።