የእንግዳዋ ማስታወሻና የእኛ ዝምታ



ከዓመታት በፊት ከባሕር ማዶ የመጣች አንዲት ወጣት በጎ ፈቃደኛ እኔ በምሠራበት ባንክ መስኮት ፊት ቆማ ገንዘብ መነዘረች። በመካነ ሰላም አቅራቢያ ለሁለት ሳምንት የትምህርት ቤት ግንባታ ልታግዝ እንደ መጣች፣ ማታ ማታም ውሎዋን በደብተር እንደምትከትብ ነገረችኝ። የደጋውን የጧት ብርድ፣ በባሬላ የተሸከመችውን ድንጋይ፣ የሕፃናቱን ሳቅ ሁሉ ጽፋለች። ከኋላዋ ተሰልፎ የነበረው የዚያው ግንባታ ግንበኛ ነው። እርሱ በዚያ ቀን የጻፈው ፊርማውን ብቻ ነበር፤ ያውም በገንዘብ መውጫ ቅጽ ላይ።

ሙግቴ ከልጅቱ ጋር አይደለም። የእርሷን ውሎ እንደ ታሪክ፣ የግንበኛውን ውሎ ግን እንደ ምንም ከምንቆጥረው ከእኛ ከብዕረኞች ጋር ነው።

እንግዳ ሁሉ ለታይታ መጣ ማለት ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት አብዛኞቹ መምህራን ነበሩ፤ የመጡትም ለሁለት ሳምንት ሳይሆን ለሁለት ዓመት ነው። ተዋናዩ ካርልሃይንዝ በም እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» በእኛው በቦረና ሳይቀር ሠርቷል። ውለታ ይከበር፤ ነገር ግን እንግዳው በሌለበት ዘመን ሁሉ ይህን አገር ማን አቆመው?

ደቦ አቆመው፤ ወንፈል አቆመው፤ ቅሬ አቆመው። ወንፈል ብድር ያለው ሥራ ነው፤ ዛሬ ያንተን ግድግዳ የካበ ነገ ያንተን ጉልበት ይጠብቃል። በወሎ ቅሬ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ሬሳ ተሸክመው ይወጣሉ፤ ነገ ማን ማንን እንደሚሸከም አይታወቅምና። የእንግዳ በጎ ፈቃድ የሚጎድለው ይኸው ብድር ነው። ሊመለስ የማይችል ስጦታ ሰጪውን ትልቅ፣ ተቀባዩን ዘላለም ትንሽ አድርጎ ያስቀራል።

ሲሚንቶና ቆርቆሮ በደቦ አይገዛም የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ይህን አልክድም። ገንዘቡም ባለሙያውም ይምጣ። የሥራው ባለቤትነት ግን ከገንዘቡ ጋር አይምጣ።

እኛም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለንም። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲወጡ ለባላገሩ እንግዶች ነበሩ። ዘማቹ ትዝታውን ጻፈ፤ ያስተናገደው ባላገር ትዝታ የታለ?

ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬዞል እ.ኤ.አ. በ1920 በፈረንሳይ፣ በቨርደን አጠገብ፣ በጦርነት የፈረሰ መንደር ሊሠራ ሲሄድ ትናንት ጠላት ከነበሩት ጀርመኖችም ይዞ ሄደ። ቁም ነገሩ ከድንጋዩ ይልቅ ዕርቁ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግጭት ለከረመበት ክልላችንም የሚበጀው በጎ ፈቃድ ይህን የመሰለው ነው፤ ተጋጭተው የከረሙ ሰዎች አንድ ባሬላ በሁለት ጫፍ ይዘው የሚያነሡበት። ያንን ባሬላ እንግዳ አያነሣልንም።

እንግዲህ ብዕር ያላችሁ ሁሉ፣ ከግንበኛው ዘንድ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ድንጋዩን ከየትኛው ካባ እንዳወጣ፣ ቱምቢ መጣል ማን እንዳስተማረው፣ ልጁ በዚያ ትምህርት ቤት መማር አለመማሩን ጠይቃችሁ ጻፉ። እኔ ያን ዕለት ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት እንጂ ስለ ውሎው አንዲት ቃል አልጠየቅሁትም። ዕዳዬ ይህ ነው።

ድንጋይ ያቀበለው ውሎው ሲጻፍለት፣
ጠርቦ የገነባው ማን ስሙን ያንሣለት?