ጥናት ሲመጣ በር የምንዘጋው ለምንድን ነው?

ዛሬ ከካምፕ ወጣ ብለን በጅቡቲ ከተማ፣ በሄሮን ሰፈር ያየነውን አንድ ነገር ይዘን መጥተናል፡፡ ሄሮንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ላልደረሳችሁበት ግን ቪላ ቤቶችና ኤምባሲዎች ያሉበት፣ ባሕሩ የሚቀርበው ሰፈር ነው፡፡ የእኛ ሰው እዚያ የሚገኘው በጓሮ በር በኩል ነው፡፡ ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ ልጅ ይይዛሉ፡፡ ወንዶቹ ዘበኛ ይሆናሉ፣ አትክልት ያጠጣሉ፡፡ በከተማው የምንኖር ጥቂት ስደተኛ መምህራን ማታ ማታ ለእነሱ ፈረንሳይኛና ሒሳብ እናስተምራለን፡፡

ሰሞኑን አንድ ጠዋት ሁለት ወጣቶች ወረቀት ይዘው ወደ ሰፈሩ መጡ፡፡ ጥናት ነው አሉ፡፡ ስደተኛው በከተማ እንዴት እንደሚኖር፣ ስንት ኪራይ እንደሚከፍል፣ ልጁን የት እንደሚያስተምር ለማወቅ ነው የመጡት፡፡ ወሬው በተሰማ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ከመንገድ ጠፉ፡፡ አንዷ ያሰጣችውን ልብስ ከገመድ ሳታወርድ ገብታ ቆለፈች፡፡ አንዱ ዘበኛ ደግሞ በተሰባበረ ሶማሊኛ «እኔ የዚሁ አገር ሰው ነኝ» ብሎ መለሰላቸው፡፡ ማታ ለትምህርት ስንገናኝ ይህንኑ እያነሳን ስንስቅ አመሸን፡፡ ሳቁ ሲያልቅ ግን አንድ ጥያቄ መጣብን፡፡ እኛ መምህራኑስ በራችንን ከፍተን ነበር? እውነቱን ለመናገር አልከፈትንም፡፡

ፍርሃቱ ከመሬት የበቀለ አይደለም፡፡ በ2003 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) የጅቡቲ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሰዎች እስከ ነሐሴ መጨረሻ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ፡፡ በኋላም ቀኑ ወደ መስከረም አጋማሽ ተራዘመ፡፡ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ወጣ፡፡ ጥገኝነት ጠያቂ ነን ያሉት አውር አውሳ ወደተባለው ቦታ ተወስደው እዚያ ሰፈሩ፡፡ ያንን ዘመን ያዩ እናቶች ዛሬም ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፡፡ በ2025 ሚያዝያም ተመሳሳይ ትእዛዝ ሲወጣ የስደተኛ ካርድ ያለውም የሌለውም እኩል ደንግጦ ሰነበተ፡፡ እንዲህ ያለፈበት ሰው «ስምህ ማነው? ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?» የሚል ሰው በሩ ላይ ሲቆም አፈሳ ይመጣል ብሎ ቢያስብ ይፈረድበታል?

ነገር ግን የመደበቅም ዋጋ አለው፡፡ ያልተቆጠረ ሰው የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ የሚታመመው አይቀርም፤ የሚቀረው በእቅድ ውስጥ መግባቱ ነው፡፡ ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ ባልባላን ማየት ይበቃል፡፡ በ1966 ፈረንሳዮች ሰው ከገጠርና ከጎረቤት አገር ወደ ከተማው እንዳይገባ ብለው ጅቡቲን ዙሪያዋን በሽቦ አጠሩ፡፡ ሰው መምጣቱን አላቆመም፡፡ ከሽቦው ውጪ በቆርቆሮና በጨርቅ ቤት ሠራና ተቀመጠ፡፡ ያ ሰፈር ነው ባልባላ፡፡ ከከተማው ክልል ጋር በይፋ የተቀላቀለው በ1987 ነው፡፡ ሃያ ዓመት ሙሉ በይፋ የከተማው አካል ያልነበረ ሰፈር ውኃው፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ከሰው በኋላ ነው የሚመጣው፡፡ አንዴ ሰው ከሰፈረ ወዲያ ቧንቧ መቅበር ምን ያህል እንደሚከብድ በጠባብ መንገድ ላይ ጋሪ የገፋ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ዛሬ ከእኛ ሰው ብዙው ኪራይ ረከሰ ብሎ የሚሄደው ወደዚያው ነው፡፡

ደግሞም ይህች ከተማ ራሷ በመጤ የተሠራች ናት፡፡ ከ1888 ወዲህ ነው የተቆረቆረችው፡፡ ወደቡንና ባቡሩን ተከትሎ ከየመኑም፣ ከሶማሌውም፣ ከአፋሩም፣ ከእኛም አገር ሰው መጣ፡፡ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፡፡ በሆልሆል ድልድይ የሚያልፈው ያ አሮጌ ሐዲድ ነው፤ ሆልሆል ካምፕ ያላችሁ ወገኖቻችን ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ፡፡

ወደ ጉዳያችን እንመለስ፡፡ ጥናት ለስደተኛ ምን አደረገ ብሎ ለሚጠይቅ፣ እኛ ያነበብነውን እንንገራችሁ፡፡ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2014 ስለ ኡጋንዳ ስደተኞች ኑሮ አንድ ጥናት አወጡ፡፡ መጠይቁን ይዘው ቤት ለቤት ከዞሩት ውስጥ ለዚሁ የሠለጠኑ ስደተኞች ነበሩበት፡፡ በካምፓላ ከተማ ካሉት ስደተኞች ከመቶ 21ዱ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው የቀጠሩ ሆነው ተገኙ፡፡ ከቀጠሯቸውም ሰዎች ከመቶ 40ዎቹ ኡጋንዳውያን ነበሩ፡፡ አስተውሉ፤ «ስደተኛ ሥራችንን ወሰደብን» ለሚል ጎረቤት ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፡፡ በቁጣ የሚሰጥ መልስ ጠብ ያመጣል፡፡ ይህ ግን ቁጥር ነው፤ የከተማ አስተዳዳሪም ፊት ይቀርባል፡፡

በአገራችንም ተሞክሯል፡፡ ኢትዮጵያ ከ2010 ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች ራሳቸውን ከቻሉ ከካምፕ ውጪ እንዲኖሩ ፈቅዳ ነበር፤ በ2019 ደግሞ አዲሱ የስደተኞች አዋጅ ወጣ፡፡ በዚያው በ2019 የእነዚያው የኦክስፎርድ ሰዎች ስለ አዲስ አበባ ስደተኞች ያወጡት ጥናት አለ፡፡ ያገኙት ነገር ለእኛ አዲስ አይሆንም፡፡ ሰው የሚኖረው ከውጭ ዘመድ በሚልክለት ብርና ፈቃድ በሌለው የቀን ሥራ ነው፡፡ ቀጥሎም ሌሎች አጥኚዎች አዲስ አበባን ከአይሳኢታ ካምፕ፣ ናይሮቢን ከዳዳብ ጋር እያስተያዩ አጠኑ፡፡ ስደተኛ የሚሻለው ካምፕ ነው ወይስ ከተማ? እኛ በየሌሊቱ የምንከራከርበትን ነገር ማለት ነው፡፡ ካምፕ ራሽን አለ፣ ኪራይ የለም፡፡ ከተማ ደግሞ ሥራ ይገኛል፣ ግን ኪራዩና የመብራቱ ክፍያ ወሩ ሳያልቅ ኪስ ያራግፋል፡፡ በዚህ ሙቀት ያለ ማራገቢያ ልጅ ማሳደር አይቻልማ!

መቼም ጥናት ብቻውን ጋሻ አይሆንም፤ እንዲህ ብንላችሁ ውሸት ይሆንብናል፡፡ በናይሮቢ በ2010 ስለ ከተማው ስደተኞች የወጣ ጥናት ሰዉ ወረቀት አጥቶ ከፖሊስ ጋር ምን እንደሚገጥመው ዘርዝሮ ጽፏል፡፡ ቢሆንም በ2012 መጨረሻ የከተማ ስደተኞች ሁሉ ወደ ካምፕ ይግቡ ተባለ፡፡ በ2013 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረው፡፡ በ2014 ደግሞ በኢስሊ ሰፈር ብዙ ሰው ታፈሰ፡፡ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፡፡ ያም ሆኖ ፍርድ ቤት ስትቆም በእጅህ የተጻፈ ማስረጃ መኖርና አለመኖር አንድ አይደለም፡፡

አሁን ደግሞ ወደ አጥኚዎቹ ጥፋት እንለፍ፡፡ ብዙዎቻችን አሊ አዴ ካምፕ ሳለን ስንት ጊዜ እንደተጠየቅን ቆጥረን አንዘልቀውም፡፡ አንዱ ስለ ውኃ ይጠይቃል፣ አንዱ ስለ ማገዶ፣ አንዱ ስለ ሴት ልጆች ትምህርት፡፡ ከትምህርት ክፍል አስወጥተው ሁለት ሰዓት ያስቀምጡናል፣ ተማሪው ይበተናል፣ እነሱም «እናመሰግናለን» ብለው መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ፡፡ ውጤቱን ያመጣልን አንድም ሰው የለም፡፡ ከእኛ አንዱ ባልደረባ ስለ ራሱ ትምህርት ቤት የተጻፈ ሪፖርት ከሦስት ዓመት በኋላ በሰው ስልክ ላይ አገኘው፡፡ እሱም በእንግሊዝኛ ነው፤ መቀመጫ የሚለው ቁጥር ደግሞ ስህተት ነበር፡፡ ማንም መልሶ ስላልጠየቀን ማንም አላረመውም፡፡

የእኛንም ጥፋት አንደብቅ፡፡ ስንጠየቅ እርዳታ ይመጣል ብለን ቤተሰብ እንጨምራለን፣ ገቢ እንቀንሳለን፡፡ ኡጋንዳ በ2018 ስደተኞቿን አንድ በአንድ ስትቆጥር 1.4 ሚሊዮን ገደማ ይባል የነበረው ወደ 1.1 ሚሊዮን ወረደ፡፡ ከዚያ ወዲህ እውነተኛውን ችግር የሚናገር ሰው እንኳ በጥርጣሬ ይታያል፡፡ ዛሬ በሐሰት የሞላነው ወረቀት ነገ የጎረቤታችንን ልጅ ያስርባል ማለት ነው፡፡

ለምን አሁን ስለዚህ እንጽፋለን? ጅቡቲ በሕግ በኩል ከብዙ አገር ስለምትሻል ነው፡፡ በ2017 መጀመሪያ የስደተኞች ሕግ ወጣ፡፡ በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጡት ድንጋጌዎች ደግሞ ስደተኛ ትምህርት፣ ሕክምናና ሥራ የማግኘት መብቱ ተዘረዘረ፡፡ የኢጋድ አገሮችም እዚሁ ጅቡቲ ተሰብስበው የስደተኛ ልጆችን በየአገራቸው ትምህርት ሥርዓት ውስጥ ሊያስገቡ ቃል የገቡት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነው፡፡ ይህን እኛ መምህራን በዓይናችን አይተናል፡፡ በዚህ በረሃ ላይ ተቀምጠን የኬንያን ሥርዓተ ትምህርት ስናስተምር ኖረን፣ ከዚያ በኋላ ነው የጅቡቲው በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የመጣልን፡፡ የናይሮቢን አውቶቡስ በምሳሌ ሲማር የነበረ ልጅ የሚኖርበትን አገር ወረዳዎች መማር ጀመረ፡፡ ትልቅ ነገር ነው፡፡

ሕጉ አለ፡፡ ሄሮን ላይ ግን ቪላው ውስጥ ያሉት አሠሪዎች ይህንን ሕግ ያውቁታል? ሠራተኛዋስ ታውቀዋለች? ደመወዟን ሲከለክሏት ወዴት ትሄዳለች? ሕክምና ስትሄድ ካርዷን አይተው ይቀበሏታል ወይስ ይመልሷታል? ይህንን አንድ ሰው ቢያጠናው ሌላ አዲስ ሕግ ከማውጣት ይበልጥ ይጠቅመናል፡፡ በአገሪቱ ያለነው ስደተኞች 30 ሺህ ገደማ ነን፡፡ በ2009 ቆጠራ የጅቡቲ ከተማ ሕዝብ ብቻ 475 ሺህ ነበር፡፡ ከዚህ አንጻር እኛ ለከተማው ሸክም ልንሆን የምንችለው የት እንዳለን ሳይታወቅ ስንቀር ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም፡፡

ስለዚህ ለሚያጠኑት የምንለው አለን፡፡ ከእኛ መሐል ሰው አሠልጥኑ፡፡ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችል መምህር በየሰፈሩ አለ፤ እሱ ሲያንኳኳ በሩ ይከፈታል፡፡ ስም አትጻፉ፤ መጻፍ ግድ ከሆነም ስሙ ከመልሱ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ለማን እንደማይሰጥም አስቀድሞ ይነገረን፡፡ የጅቡቲ ተወላጅ የሆነውን ጎረቤታችንንም ጠይቁት፤ እሱም ኪራይ ተወዶበታል፣ የእሱም ልጅ የሚማረው በታጨቀ ክፍል ነው፡፡ ውጤቱን ደግሞ በገባን ቋንቋ አምጡና አንብቡልን፤ ስህተት ካለ እናርማለን፡፡

ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን ደግሞ፣ ካምፕም ሆነ ከተማ ሆናችሁ መጠይቅ ሲመጣባችሁ ዝም ብላችሁ አትሽሹ፤ ዝም ብላችሁም አትመልሱ፡፡ ማን እንደላካቸው፣ ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ ጠይቁ፡፡ ካልጣማችሁ አልፈልግም ማለት መብታችሁ ነው፡፡

ባለፈው ዓርብ ተማሪዎቻችንን ሰብስበን «እናንተ አጥኚ ብትሆኑ ምን ትጠይቁ ነበር?» አልናቸው፡፡ ልብሷን ገመድ ላይ ትታ የቆለፈችው እህታችን ቀድማ እጇን አወጣች፡፡ «ማዳም ቤት የማድር ሰው ኪራይ አልከፍልም ይባላል፤ ግን ሌሊት በስንት ሰዓት እንደምተኛ ይጠይቁኝ» አለች፡፡ ሌላዋ ልጇን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች እንዲጻፍላት ፈለገች፡፡ ዘበኛው ብዙ ካሰበ በኋላ «እኔ ስንት ቋንቋ እንደምችል እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ፡፡ አራት ይችላል፡፡ አሥራ አንድ ጥያቄ በደብተር ላይ ጽፈናል፡፡ ወጣቶቹ ተመልሰው ሲመጡ እንሰጣቸዋለን፤ ከካምፕ የምትልኩልን ካለም ከእነዚሁ ጋር እንጨምረዋለን፡፡