የኤአርቲ ቀጠሮ ዓይንንም ይጠይቅ፦ የማኅበራችን የአቋም መግለጫ

እኛ ኤች አይ ቪ በደማችን ያለ፣ በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና፣ የወግዲና የአማራ ሳይንት ቀበሌዎች የምንኖር የማኅበር አባላት ስለ ዓይናችን ይህን አቋም ይዘናል።

የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ (ኤአርቲ) በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቻችን ከሞት አፋፍ ተመልሰን አርሰናል፣ ልጅ ድረናል። የተረጋጋ ሰው አሁን የ6 ወር መድኃኒት ባንዴ ይወስዳል። ለገበሬ ትልቅ እፎይታ ነውና እንዲቀር አንጠይቅም። ዓይን ግን 6 ወር አይጠብቅም። መድኃኒት ያቋረጠ ወይም ዘግይቶ የተመረመረ፣ ሲዲ ፎር የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ቁጥሩ ከ50 በታች የወረደ ሰው፣ ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ የዓይኑን ውስጠኛ ክፍል በሳምንታት ሊያጠፋበት ይችላል። አያምም፤ ዓይኑም አይቀላም። ሰውየው የሚለው «ዝንብ የመሰለ ነገር ይዞርብኛል» ብቻ ነው። ይህን የሰማ ባለሙያ የዚያኑ ዕለት ሪፈር ይጻፍለት።

አልማዝ ባለጭራ ግንባር ላይ ወጥቶ አፍንጫ ጫፍ ከደረሰ፣ ዓይን ውስጥ መግባቱን መጠርጠር ግድ ነው። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሰው ግን ፊቱ እንዳይታይበት ሽፍታው እስኪደርቅ ቤት ይውላል። ይህን ሐፍረት እኛም ኖረንበታል።

የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ወገናችን ቀይ ቀለም ከደበዘዘበት፣ ከኢታምቡቶል ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይናገር። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ሥጋ መሰል ነገር ሲበቅልም «ፀሐይ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ የኤአርቲ ቀጠሮ ሁለቱም ዓይኖች ተራ በተራ እየተሸፈኑ በሰሌዳ ይታዩ። ፊደል ላልቆጠረ፣ አቅጣጫ በጣት የሚጠቁምበት ሰሌዳ አለ። ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሚላክ አባል የራሱና የአስታማሚው መሳፈሪያ ይሸፈን፤ ገንዘብ የሌለው ሰው የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። መድኃኒት ቤቶች ስቴሮይድ ያለበትን የዓይን ጠብታ ያለ ማዘዣ አይሽጡ። ፀበል የሚገባም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይዞ ይግባ።

እኛም በቡና ጠጡ ፕሮግራማችን አንድ ዓይንን በመዳፍ ከድኖ በሌላው ማየትን ለአባሎቻችን እናስተምራለን። ብቻውን መንገድ የማይደፍረውን ታማሚም ከመካከላችን ሰው መድበን እናደርሳለን።