የሰንጠረዥ ደራሲ ያስፈልገናል

ሰንጠረዥ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ተጋጣሚዎችን ነው። ይሁን እንጂ ጨዋታው ደራሲም አለው። ደራሲው ጥቂት ጠጠሮችን በገበታው ላይ ያኖርና «ነጩ ተጫውቶ ያሸንፋል፤ እንዴት?» ብሎ ይጠይቃል። ዐይን ፈጥኖ የሚያየው እርምጃ እንደ ቅኔ ሰም ነው፤ ወርቁ ከሥር ተሰውሯል።

ከቀደምት ደራስያን መካከል ስመ ጥሩው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ቤተ መንግሥት የኖረው አል-ሱሊ ነው። የግጥም ሊቅና የታሪክ ጸሐፊም ነበር። በኸሊፋ አል-ሙክታፊ ፊት አል-ማዋርዲን ረትቶ ዝናን ያተረፈ ሲሆን፣ በ946 እ.ኤ.አ. ገደማ ባስራ ውስጥ ዐርፏል። «አልማዝ» የተባለው ድርሰቱ አራት ጠጠሮች ብቻ አሉት፤ ሁለት ንጉሦችና ሁለት ፈርዞች። የሶቪየቱ ዩሪ አቨርባክ በ1980ዎቹ እስኪፈታው ድረስ ግን መፍትሔው ከሺህ ዓመት በላይ ተሰውሮ ኖሯል።

ይህ ታሪክ እኛን የሚመለከተን የአል-ሱሊ ሰንጠረዥ ለኢትዮጵያ ባዕድ ስላልሆነ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. የሀገራችንን ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ በጥናት አቅርበዋል። በዚህ ጨዋታ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል።

አባቶቻችን በግንብ ወይም በፈረስ ማት ማድረግን ብዙም አያደንቁም ነበር፤ በፊል ወይም በወታደር ንጉሥን የያዘ ግን ይወደስ ነበር። ምክንያቱን በሒሳብ መመርመር ይቻላል። ግንብና ፈረስ 64ቱንም ቤቶች ሊደርሱባቸው ይችላሉ። ፈርዝ የሚደርሰው 32 ቤቶች ላይ ብቻ ነው። ፊል ደግሞ 8 ቤቶችን ብቻ ይረግጣል፤ ተማሪ ወረቀት ላይ ሠርቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። እንግዲህ በ8 ቤቶች በተወሰነ ጠጠር ማሸነፍ ብልሃትን ይጠይቃል። ይህ የተጫዋች ሳይሆን የደራሲ ጣዕም ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። «አልማዝ» የሚያሸንፈው ባላጋራን ፈርዙን ነጥቆ ንጉሡን ብቻውን በማስቀረት ነው። በሀገራችን ሕግ ግን ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም፤ አንድ ጠጠር የቀረው ባላጋራም ጠጠሩ ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት መያዝ አለበት። ስለዚህ የባግዳዱን ድርሰት እንዳለ መዋስ አንችልም፤ የራሳችንን መድረስ ይኖርብናል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ሕግ በጥናት መጽሔት ተመዝግቦ መቀመጡ ብቻ ሕያው አያደርገውም። ሕያው የሚያደርገው በእርሱ የሚደረስ አዲስ ጥያቄ ነው። ለዚህም ታላቅ ከተማ ወይም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት መጻፍ የጀመረው በአምቦ ተማሪ ሳለ ነበር። የዛሬዎቹ የአምቦ፣ የጉደር፣ የጊንጪና የጌዶ ተማሪዎችም ወረቀትና እርሳስ አላቸው።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ለባላጋራ ንጉሥ አንድ ጠጠር ተዉለት፤ ለራሳችሁ ፊሎችን ያዙ። ከዚያም ሰባቱ እርምጃ ሳይሞላ፣ በፊል ማት የሚሆንበትንና ከአንድ በቀር መንገድ የሌለውን አቀማመጥ ፈልጉ። ያገኘ ሰው መፍትሔውን ጽፎ ያስቀምጥ። ያልተጻፈ ብልሃት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።