የመሬት መቆራረስ ጥናትና የመንደሮች አመራረጥ

የአንድ ገበሬ ይዞታ ወዲያና ወዲህ በተበታተኑ ማሳዎች የተከፋፈለ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ይህ መቆራረስ በምርት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማወቅ በየጊዜው ጥናት ይካሄዳል፤ ከጥናቱም በኩታ ገጠም ስለ ማረስ፣ ይዞታን ስለ ማሸጋሸግና ስለ ዝቅተኛው የይዞታ ልክ የሚሰጠው ውሳኔ ይመነጫል። ሆኖም ውጤቱን ከመጠይቁ በፊት የሚወስነው የመንደሮቹ አመራረጥ ነው።

ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ የምትገኘው ተፍኪ ለዚህ በቂ ማስረጃ ትሆናለች። ሜዳው መረሬ አፈር ነው። በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ አዋሽ ከአፉ ሲገነፍልም ማሳው በጎርፍ ይዋጣል። ዝናቡ ሲወጣ ደግሞ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ከፍ ያለው መሬት ውሃ ስለሚያሳልፍ የሚዘራበት ጊዜ ሌላ ነው። እንግዲህ ጥማድ ያህል ከሜዳው፣ ጥማድ ያህል ከዳገቱ ያለው ገበሬ አንዱን ጎርፍ ቢወስድበት በሌላው ቤተሰቡን ያከርማል። የበሬውም ሥራ በየወቅቱ ይዳረስለታል። ይህን ሰው «መሬቱ ተበጣጥሷል» ብሎ ሁሉንም በአንድ ስፍራ ማድረግ ጥቅም ነው ወይ? ጥር ላይ በመኪና መጥቶ ደረቁን ሜዳ ያየ አጥኚ ጥያቄውን እንኳ አያነሳውም። እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ የገጠር ጎብኚዎች ከአስፋልት ዳር እንደማይርቁና በበጋ ብቻ እንደሚመጡ ወቅሶ ነበር። ወቀሳው ዛሬም አላረጀም።

የመቆራረሱ ምክንያትም አንድ ብቻ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኖ፣ 800 ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ የገበሬዎች ማኅበራት እንዲቋቋሙ አድርጓል። መሬቱ ሲደለደል ለሙን ከጭንጫው ለማመጣጠን ለአንድ ቤተሰብ ከብዙ ስፍራ ቁራሽ ይሰጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆች ሲያድጉና ጎጆ ሲወጡ ቁራሹ እንደገና ተቆረሰ። በመንገዱ ዳር ደግሞ የከተማው መስፋፋት፣ ፋብሪካውና የአበባ እርሻው ከይዞታው ላይ ይቀንሳሉ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚያሳይ መንደር ተመርጦ ውጤቱ የወረዳው ነው ቢባል ስሕተት ይሆናል፤ ለመኪና የሚመቸው የአስፋልት ዳር መንደር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ሦስተኛውን ነው።

በአገራችን መልካም ምሳሌ አልጠፋም። በ1981 ዓ.ም. በድርቅ በተጠቁ ጥቂት መንደሮች የተጀመረውና በ1986 ዓ.ም. ወደ 15 መንደሮች የሰፋው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት፣ 1,477 ቤተሰቦችን ይዞ ለዓመታት እየተመለሰ ጠይቋል። መንደሮቹ በአየር ጠባይና በአስተራረስ ልዩነት የተመረጡ ናቸው፤ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለው የጤፍ አገር ስርባና ጎደቲና የእንሰቱ አገር እምድብር ጎን ለጎን ይገኙበታል። የአርብቶ አደሩ አካባቢ ግን አልተካተተም፤ ስለዚህ የመላ አገሪቱ ወኪል ተደርጎ የሚጠቀስበት ጊዜ ቢኖር ጥፋቱ የጠቃሹ ነው።

ቤተሰቦችን ከይዞታ መዝገብ ብቻ መምረጥም አያዋጣም። የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130/1999 የዓመታዊ ሰብል መሬት ከግማሽ ሄክታር በታች እንዳይሆን ወስኗል። ከዚያ ያነሰው ክፍፍል በአባትና በልጅ መካከል በቃል ስለሚፈጸም መዝገቡ ላይ አይታይም። በሬ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ብትሰጥ በደብተሩ ያለችው እርሷ፣ ድግሩን የያዘው ሌላ ነው። መሬት ያልደረሰው ወጣትማ በየትኛው መዝገብ ይገኛል?

ስለዚህ በተፍኪ ዙሪያ ለሚደረግ ጥናት ቢያንስ አራት ዓይነት ቀበሌ ሊመረጥ ይገባል፦ ከመንገዱ ዳርና ከመንገዱ የራቀ፣ ከሜዳውና ከዳገቱ። ጉብኝቱም አንዱ በነሐሴ ይሁን፤ ጭቃው ያስቸግራል፣ ግን ገበሬውም የሚውለው እዚያው ጭቃ ውስጥ ነው።

የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ብዙ ሕይወት ያለፈበትን ተቃውሞ አስነሥቶ በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር መደረጉ አይዘነጋም። በዚህ አካባቢ ሜትር ይዞ ማሳ የሚለካ እንግዳ በጥርጣሬ ቢታይ አይፈረድም። የተመረጡት ቀበሌዎች ስምና የተመረጡበት ምክንያት፣ ልኬታውም ለምን እንደሚውል፣ ልኬታው ከመጀመሩ በፊት በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በኦሮምኛና በአማርኛ ተለጥፎ በስብሰባም ሊነገር ይገባል።