ሞተሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነክስ ዋስትናው የት ይገባል?

ከጅግጅጋ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ቀብሪበያ የመኪና ወሬ ሲነሳ ይሄ ታሪክ አይጠፋም። ያገለገለ ሞተር ተገዛ፣ ተጫነ፣ ጥቂት ሳምንት ሠራ፣ ነከሰ። ስንት ጭቅጭቅ ካለፈ በኋላ ሻጩ ሌላ ቀየረ። እሱም ነከሰ። ከዚያ ወዲያ ስልክ አይነሳም።

ብዙ ሰው "ዕድሌ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እኛ ስናየው ግን ገዢው የሚሸነፈው ገና ብሩን ሲቆጥር፣ ያለ ወረቀት የተስማማ ዕለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ያለው አሮጌ መኪና ረጅም ዓመት መሥራት አለበት፤ ሞተሩ ሲደክም ደግሞ ያገለገለ ሞተር ይፈለጋል። ያ ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ከየትኛው መኪና እንደወረደ ገዢው የሚያውቀው ሻጩ የነገረውን ብቻ ነው።

አዲስ ሞተርም ቢሆን ይበላሻል። ቶዮታ በፈረንጆቹ 2024 አሜሪካ ውስጥ 102,000 ገደማ ተሽከርካሪዎችን ጠርቷል፤ ፋብሪካ ውስጥ ሞተሩ ሲሠራ የቀረ የብረት ብናኝ ብሮንዚን ሊበላ ስለሚችል ነው። በ2025 ደግሞ በተመሳሳይ ችግር 127,000 ገደማ ጨመረ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ እዚያ እያንዳንዱ መኪና በሻንሲ ቁጥሩ ተመዝግቧል፣ ባለቤቱ ይጠራል፣ ወጪው የኩባንያው ነው። እኛ ጋ ሞተሩ የሚታወቀው በደላላው ስልክ ቁጥር ነው።

እሺ፣ ሁለተኛው ሞተር ለምን ይነክሳል? ሁልጊዜ ሞተሩ ስለተበላሸ አይደለም። የመጀመሪያውን የገደለው ነገር መኪናው ላይ ከቀረ ሁለተኛውንም ይገድለዋል። የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይሠራ ቬንትሌተር፣ የቆሸሸ የዘይት መስመር ሊሆን ይችላል። ቀብሪበያ ውሃ የሚቸግርባት ከተማ ናት፤ ሹፌሩ ራዲያተሩ ውስጥ የሚጨምረው ያገኘውን ውሃ ነው። ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ልክ እንደ ሻይ ጀበና ራዲያተሩን ውስጡን ያነጥፈዋል፣ ሞተሩ ይግላል። ሻጩም የሚይዘው ይህንኑ ነው፦ "አግለኸው ነው።" መካኒኩ "ሞተሩ ድሮም የሞተ ነው" ይላል። ሁለቱ ሲወራወሩ ባለመኪናው መሀል ላይ ቀረ።

ሕጉ ምን ይላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማችም በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ገዢው ጉድለቱን ቶሎ ለሻጩ እንዲያሳውቅ፣ ካሳወቀ በኋላም በ1 ዓመት ውስጥ እንዲከስ ይላል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ "ዋስትና የለውም" የሚል ውል ቢያስፈርምም አያድነውም።

ግን ሁሉም ቀን ይቆጥራል። ቀኑን የሚያሳይ ነገር ከሌለ ከየት ተነስቶ ይቆጠራል?

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት፦

1. የሞተር ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ ቀኑና የዋስትናው ጊዜ በጽሑፍ ይስፈር። ዋስትናው የመካኒኩን የእጅ ዋጋ ይጨምር እንደሆነም ይጻፍ።

2. የሞተሩን የጉምሩክ ሰነድ ጠይቁ። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል፤ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ሌላ ጣጣ ይመጣል።

3. አሮጌው ሞተር በምን እንደሞተ ሳይታወቅ አዲሱ አይጫን። ራዲያተሩ ሲታጠብ፣ ዘይቱ ሲቀየር በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ።

4. ችግር ሲመጣ በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ፤ የላካችሁትን መልእክት አታጥፉ። ሻጩና መካኒኩ ሳያዩት ሞተሩ አይፈታ።

5. ሻጩ ሌላ ሞተር ከቀየረላችሁ ዋስትናው ከዚያ ቀን እንደ አዲስ እንደሚጀምር አስፈርሙት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ሁለተኛው ሞተር ሲነክስ "የዋስትናህ ጊዜ አልፏል" የሚባለውም ለዚህ ነው።

እኛ ጋ አብዛኛው ጸብ ፍርድ ቤት አይደርስም፤ ሽማግሌዎች በሔር ይጨርሱታል። ጥሩ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ዝምድናም አይቆረጥም። ግን ሽማግሌም የሚፈርደው በሰማው ነው። አንዱ ወገን ቀንና ቁጥር ይዞ ከቀረበ ነገሩ ይቀልላቸዋል።

ለታማኝ ሻጭም ቢሆን ወረቀቱ ይጠቅመዋል፤ እውነትም አግለው ላመጡበት መልስ ይኖረዋል። ለመፈረም እምቢ ያለ ሻጭ ግን ሞተሩ ሳይነሳ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሞተር ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ፣ ብሩን ሳያስተላልፍ ይህን አድርሱለት።